ሚዛንና ማዕድ

ሰኞ በባቲ ገበያ እህል ከሚሰፈርበት ሥፍራ ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ከቆላ ወጥተው ከደጋ ወርደው በሚገናኙበት በዚያ ሰፊ ገበያ ሻጭዋ ማሽላዋን በጣሳ ትሰፍራለች። ጣሳው ጢም ብሎ ይሞላል፤ ገዢው ከረጢቱን ይዘረጋል፤ ሒሳቡም ይዘጋል። ገዢው የከረጢቱን አፍ ሊቋጥር ሲል ግን ሻጭዋ እጇን ወደ ክምሩ ትመልስና አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። ይህች ጭማሪ በአማርኛ «ምርቃት» ትባላለች። ስፍሩ ሁለቱን ወገኖች ከመበዳደል ይጠብቃል፤ ምርቃቱ ደግሞ የተሰፈረው ነገር የሰው ምግብ መሆኑን ያስታውሳል።

ምግብን መስፈር እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። በቁና፣ በላዳን፣ በጣሳና በእፍኝ የተሰፈረ እህል ስንት ትውልድ አሳድጓል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በከተሞች ውስጥ ሌላ ዓይነት መስፈሪያ ገብቷል። ይህኛው እህልን የሚሰፍረው በጎተራና በገበያ ሳይሆን በገበታ ላይ፣ አልፎ ተርፎም በጉሮሮ ላይ ነው። ስሙም ካሎሪ ይባላል። ክብደት ለመቀነስ የሚሻ ሰው የበላውን ሁሉ በእጅ ስልኩ ላይ እየመዘገበ ቀኑን በቁጥር ይዘጋል። ቁጥሩ ካነሰ ቀኑ የተሳካ፣ ከበዛ ደግሞ የከሸፈ ሆኖ ይታየዋል።

ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው። ለአንድ ሰው በቂ የሚባለው ምን ያህል ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? ረኀብን በዐይኑ ያየ ኅብረተሰብ ልጆች ወደው ምግብ ሲቀንሱ ድርጊታቸው በምን ሊመዘን ይገባል?

ሁለት ሴቶች በአንድ ገበታ

ለውይይቱ መነሻ ትሆን ዘንድ አንዲት መምህርት ትታሰብ። የምትኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ በተቆረቆረችው በከሚሴ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ነው። በቤቷ ኦሮምኛና አማርኛ እየተፈራረቁ ይነገራሉ። ዕድሜዋ 40ን አልፏል። እናቷ በወጣትነቷ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ማሽላ ጠብቃ፣ ገበያ በእግሯ ደርሳ ትመለስ ነበር፤ መምህርቷ ግን ወደ ትምህርት ቤት በባጃጅ ትሄዳለች፣ በባጃጅ ትመለሳለች፤ ማታም ደብተር ለማረም ትቀመጣለች። በየዕረፍቱ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። አንድ ቀን በጤና ጣቢያ ደሟ ሲመረመር የስኳሩ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ባለሙያውም ክብደት እንድትቀንስ መከራት።

መምህርቷ የሒሳብ ሰው ናትና ምክሩን ወደ ቁጥር ለወጠችው። በመጀመሪያ በቀን 1,200 ካሎሪ ወሰነች፤ ጥቂት ቆይታም ወደ 900 አወረደችው። ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ቀትር ላይ እንጎቻ የምታህል እንጀራ፣ ማታ ምንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ ታዘዘላት። ከዚያ በኋላ ግን ጠመኔ የያዘ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በተማሪዎቿ ላይ ያለ ምክንያት ትቆጣለች፤ በቆላው ሙቀት ብርድ ብርድ ይላታል። ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ከመሶቡ በድብቅ ትበላለች። ሲነጋም የሰው ንብረት የወሰደች ያህል ታፍርና የዕለቱን ቁጥር ይብሱን ዝቅ ታደርገዋለች።

ይህን ሁሉ እናት ታያለች። አንድ ምሽት፣ በገበታው ዙሪያ ቢስሚላህ ተብሎ ከተጀመረ በኋላ፣ ዝምታዋን ሰበረች።

«ልጄ፣ ምነው እጅሽ ከገበታው አጠረ?»

«አብሽሪ እማ፣ ሐኪም ያዘዘኝ ነው።»

«ሐኪሙ ቀንሺ አለሽ እንጂ ተራቢ አላለሽም። ረኀብን እኔ አውቀዋለሁ፤ መድኃኒት ሆኖ አላየሁትም።»

እናትዮዋ ረኀብን የምታውቀው በወሬ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ከገጠር ቀበሌዋ ተነሥታ ወደ ባቲ መጠለያ በእግሯ ስትገባ ነፍሰ ጡር ነበረች። በማኅፀኗ የነበረችው ልጅ ዛሬ በገበታው ማዶ ተቀምጣ ካሎሪ የምትቆጥረው መምህርት ናት።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በችኮላ የሚዳኝ ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፣ «የረኀብተኛ ልጅ ምግብ መግፋቷ በእናቷ መከራ መቀለድ ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ «እናት ያለፈ ዘመን ሰው ናት፤ ሳይንሱን አታውቅም» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች ለመናገር ይቀልላሉ፤ ሁለቱም ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተፈጠረ አልጠየቁም።

የቁጥሩ ትውልድ

ካሎሪ በመሠረቱ የሙቀት መለኪያ ነው። በሥነ ምግብ ውስጥ የሚነገረው ካሎሪ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ሙቀት ያመለክታል። ቃሉ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር ስለ ሙቀትና ስለ እንፋሎት ሞተር ከሚሰጥ ትምህርት ተገኘ። ወደ ሰው ማዕድ በሰፊው የገባው ግን በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ፣ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር ሰዎችን በልዩ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የሚበሉትንና ከሰውነታቸው የሚወጣውን ሙቀት ከመዘነ በኋላ ነው። ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ሒሳብ ከእርሱ የተወረሰ ነው፤ 1 ግራም የእህል ገንቢ ስታርች ወይም ስኳር ወደ 4፣ 1 ግራም ፕሮቲን ወደ 4፣ 1 ግራም ስብ ደግሞ ወደ 9 ካሎሪ ይሰጣል።

ከዚህ ሒሳብ ይልቅ ለሥነ ምግባር ጥያቄው የሚጠቅመው አትዋተር የተነሣበት ዓላማ ነው። ሳይንቲስቱን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ፣ ደመወዙ ዝቅተኛ የሆነ ሠራተኛ በጥቂት ገንዘብ ለሥራው የሚበቃውን ምግብ እንዴት ይገዛል የሚለው ነበር። ቁጥሩ እንግዲህ ገና ሲወለድ «ቢያንስ ይህን ያህል ያስፈልገዋል» ለማለት ታስቦ ነበር። ሰው ከዚያ በታች እንዳይወርድ የተነጠፈ ወለል ነበር ማለት ይቻላል።

ጥቂት ቆይቶ ወለሉ ጣሪያ ሆነ። በ1918 እ.ኤ.አ. ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች አንድ መጽሐፍ አሳተመች። ከእንግዲህ ወዲያ «አንድ ቁራሽ ዳቦ» ሳይሆን «100 ካሎሪ ዳቦ» በሉ ስትል አንባቢዎቿን መከረች። መጽሐፉ በብዙ ቅጂ ተሸጠ፤ ትምህርቱም ከአገር አገር ተዛመተ። በዚህ መንገድ «ከዚህ አትነስ» ይል የነበረው ቁጥር «ከዚህ አትብለጥ» ማለት ጀመረ። ቀጥሎም ማንም ሳያዝዘው «ባነሰ ቁጥር ይሻላል» ወደ ማለት ተሸጋገረ። መምህርቷን ከ1,200 ወደ 900 ያወረዳት ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ቁጥሩ በወሎ ምድር

ወሎ ይህን ቁጥር ያወቀው ከሌላው ወገን ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ ያ አሰቃቂ ረኀብ በደረሰ ጊዜ የሞቱት ሰዎች በአገሪቱ እህል በመጥፋቱ ብቻ አልሞቱም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት በዚያ ወቅት ያን ያህል አልወደቀም ነበር፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደሚገመተው አልናረም። የጎደለው የወሎ ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ያንን እህል ለማግኘት የሚያስችላቸው አቅም ነበር። የአገሩ አማካይ ቁጥር ደኅና መስሎ ሳለ ሰው በመንገድ ዳር ወደቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አማካይ ቁጥር የማንም ሆድ አይደለም።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ባቲ ከኮረም ጋር ስማቸው በዓለም ከተሰማ የወሎ መጠለያዎች አንዷ ሆነች። በእነዚያ መጠለያዎች ምግብ ተሰፍሯል፤ ተቆጥሯል፤ ሰውም ተመዝኗል። በዘመኑ በተለመደው አሠራር የሕፃኑ ክብደት ከቁመቱ ጋር ተነጻጽሮ ከመደበኛው ከ80 ከመቶ በታች ከወረደ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው ነበር፤ ከ70 ከመቶ በታች ለወረደው ደግሞ ልዩ እንክብካቤ ይደረግለታል። የሚዛኑ መርፌ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ለሕፃኑ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ይል ነበር። ከዚህም በላይ፣ ክፉኛ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ ሊሞት ስለሚችል ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ፣ በመጠንና ቶሎ ቶሎ መሰጠት ነበረበት። በዚያ ሥፍራ መቁጠር ጭካኔ አልነበረም፤ ነፍስ የማትረፍ ዘዴ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ከኅሊና ሸክም አያድንም። በዚያው ዘመን በመቀሌ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር፣ ምግቡ ለሁሉም የማይዳረስ በመሆኑ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ለመምረጥ ተገድዳ ነበር። ምርጫው ለብዙ ዓመታት እንደከበዳት ኋላ ደጋግማ ተናግራለች። መስፈሪያው ማን የበለጠ እንደተጎዳ ይናገራል፤ ያልተመረጠውን ሕፃን ዐይን ግን መመልከት የነበረባት ሰው ናት።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በሕዝብ አስተዳደር ውስጥ ቋሚ ሥፍራ ይዟል። በዓለም አቀፍ የአስቸኳይ እርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ እንደ መነሻ ይታሰባል። የኢትዮጵያ የድህነት መስመር በ1988 ዓ.ም. ሲሰላ ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያስገኝ ምግብ ዋጋ መሠረት ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ ሰው በወር የተመነው 15 ኪሎ እህል ነበር። 1 ኪሎ እህል በግምት 3,400 ካሎሪ ይሰጣል ቢባል፣ 15 ኪሎው ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 1,700 ገደማ ይደርሳል። ፕሮግራሙ የቤተሰቡን ጉድለት ለመሙላት እንጂ ሙሉ ቀለቡን ለመቻል የታሰበ አልነበረም። ቢሆንም ሒሳቡን የሚያሰላ መምህር ወይም የልማት ሠራተኛ አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ለችግረኛ ቤተሰብ «ይህ ብቻውን አይበቃም» የተባለለት 1,700 ካሎሪ፣ በከተማ ቀጭን ለመሆን ለምትሻ ሴት እንደ ትርፍ ይቆጠራል።

የግማሽ ረኀብ ትምህርት

ከበቂ በታች መብላት በሰው አካልና መንፈስ ላይ የሚያደርሰው ነገር በግምት ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ ላይ፣ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለግማሽ ዓመት ያህል በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እያበላ አጠና። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡትን ሕዝቦች እንዴት ማገገም እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከክብደቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ግን ጠባያቸው ነው። በበጋ ይበርዳቸው ጀመር፤ ቁጡና ብቸኛ ሆኑ፤ ሌት ተቀን ሐሳባቸው ምግብ ብቻ ሆነ፤ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት የሚሰበስቡ፣ ሳህን የሚልሱም ነበሩ። ጥናቱ አብቅቶ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እያለ እንኳ መጥገብ አቃታቸው።

የመምህርቷ ብርድ፣ ቁጣዋና የሌሊት አበላሏ እንግዲህ የጠባይ ጉድለት አይደሉም። ሰውነቷ ረኀብ ደርሶበት እንደ ማንኛውም የተራበ ሰውነት ምላሽ መስጠቱ ነው። በኀፍረት ቁጥሩን ይብስ ዝቅ ባደረገች መጠን የምታሸንፈው ድክመቷን ሳይሆን ጤናዋን ነው። እናትዮዋ ሳይንሱን ሳትማር በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረችው ይህንኑ ነበር።

ለዚህ ታሪክ ሌላም ጎን አለው። በ1944ና በ1945 እ.ኤ.አ. ክረምት በጀርመን ወረራ ሥር የነበረው የኔዘርላንድ ሕዝብ ክፉ ረኀብ ደርሶበት ነበር። በዚያ ወራት በማኅፀን የነበሩት ሕፃናት አድገው ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ በተደረገላቸው ምርመራ፣ ሰውነታቸው የደም ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ ይልቅ ደክሞ ተገኝቷል። ስለ አንዲት የተለየች ሴት «ሕመሟ ከዚያ የመጣ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ጥርጣሬው ብቻ እንኳ የችኮላ ፈራጆቹን ዝም የሚያሰኝ ነው። በ1977 ዓ.ም. በባቲ መጠለያ በእናቷ ማኅፀን ሆና የተራበች ልጅ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ስኳር ቢይዛት፣ ሕመሟ የምቾት በሽታ ነው ሊባል ይችላልን? እናትና ልጅ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት እንደ ተቃራኒ ወገኖች አይደለም። አንዲቱ የረኀቡን መጀመሪያ፣ ሌላይቱ ምናልባት የዚያኑ ረኀብ ጭራ ይዘዋል።

በአገሪቱም ደረጃ ሁለቱ ችግሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 22 ከመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 ከመቶ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በቂ ምግብ ነው። ለአንዷ በቂ የሚሆነው ሲጨመርላት ነው፤ ለሌላዋ ሲቀነስላት።

ገበታው የሚሸፍነው

በኢትዮጵያ ገበታ ላይ ካሎሪ መቁጠር በባሕርዩ አስቸጋሪ ነው። ብዙ እጅ ወደ አንድ ትሪ ይዘረጋል፤ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እንጀራው ከምጣድ ምጣድ ይለያያል፤ ወጡ ውስጥ የገባውን ዘይት የሚያውቀው ያበሰለው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጉርሻ አለ። ጉርሻን በቁጥር መዝገብ ማን ያሰፍረዋል? ከእጅ ወደ አፍ የሚሻገረው ፍቅር እንጂ 50 ካሎሪ አይደለም።

ይህ አለመቆጠር የራሱ ውበት አለው። ለእንግዳው፣ ለዘመድ አልባው፣ ለድኃው ዘመድ በጋራ ገበታ ላይ ድርሻው አይለካበትም፤ እንዲያፍርም አይደረግም። ነገር ግን ውበቱ ጉድለትንም ይሸፍናል። በብዙ ቤቶች ወንዶችና እንግዶች ቀድመው ይበላሉ፤ እናትና ልጃገረዶች ከተረፈው ይቃመሳሉ። ያልተቆጠረ ገበታ የእናትን ረኀብ ለዘመናት ሸሽጓል። ስለዚህ «በባህላችን መቁጠር ነውር ነው» የሚል ሰው፣ መቁጠር ከቀረ ማን ተጠቅሞ ማን እንደሚጎዳ መጠየቅ አለበት።

ቋንቋውም ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው አለው። በገጠር «ወፈርሽ» ማለት ምስጋና ነው፤ «ምነው ከሳሽ?» ማለት ደግሞ ሐዘኔታ ነው። ይህ አነጋገር ሥጋን ከመውደድ የመነጨ አይደለም፤ ክሳት የረኀብና የሕመም መልክተኛ ሆኖ በኖረበት አገር የተወለደ ነው። በሌላ በኩል «ጥጋብ» የሚለው ቃል የሆድን መሙላት ብቻ ሳይሆን ትዕቢትንም ያመለክታል፤ «ጥጋበኛ» ስድብ ነው። በሁለቱ መካከል «በቃኝ» የሚለው ቃል ቆሟል። ከዚሁ ሥር በቂ፣ ብቁ፣ ብቃት የሚሉት ቃላት ይወጣሉ፤ በመንፈሳዊ ሕይወቱ የላቀውንም ሰው ሕዝቡ «የበቃ» ይለዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዲህ «በቃኝ» ማለት መጉደልን አያመለክትም። መድረስ የሚገባበት ደርሶ መቆም ነው።

ጾምና ማብቂያው

ለእናትዮዋ ክርክር አንድ መልስ ሊሰጥ ይችላል። «የከሚሴ ሕዝብ በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይጾም የለምን? ክርስቲያኑስ በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት ይታቀብ የለምን? ወዶ መራብ በዚህ አገር የተከበረ አይደለምን?» ሊባል ይችላል።

ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን እናትዮዋን የሚያግዝ ሆኖ ይገኛል። የረመዳን ጾም ማብቂያ ሰዓት አለው። ፀሐይ ስትጠልቅ ተምር ይቀርባል፤ ቤተሰብና ጎረቤት በአንድነት ያፈጥራል። ከንጋት በፊት ሱሑር መብላት የሚመከር ነው፤ ሕመምተኛው፣ መንገደኛው፣ ነፍሰ ጡሯና አጥቢዋ ጉዳት ከፈሩ እንዳይጾሙ ይፈቀድላቸዋል። ጾሙ በራሱ ውስጥ የበቂነት ድንበር ተሠርቶለታል። የካሎሪ ረኀብ ግን መግሪብ የለውም። ማታ ሲመጣ የሚያፈጥርበት ጎረቤት የለም፤ ግቡ ላይ ሲደረስም ግቡ ራሱ ወደ ታች ይሸሻል። ጾመኛው ለእናቱ «ጾመኛ ነኝ» ሲል አያፍርም፤ መምህርቷ ግን ስትበላም ሳትበላም ትደበቃለች። ምግብን ከሰው ተሸሽጎ መተው ከጾም ይልቅ ወደ ሕመም ይቀርባል።

ከስር ወደ ላይ መቁጠር

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል የመካከለኛውን መንገድ ትምህርት ሲያስረዳ የመረጠው ምሳሌ የምግብ መጠን መሆኑ የሚገርም ነው። ለአንድ ሰው 10 ምናን ምግብ ቢበዛ፣ 2 ምናን ደግሞ ቢያንስ፣ አሠልጣኙ በመካከል ያለውን 6 ለሁሉም አያዝም ይላል። ያው መጠን ለታላቁ ታጋይ ለሚሎ ያንሳል፤ ገና ለሚጀምረው ጀማሪ ደግሞ ይበዛል። በቂ የሚባለው ነገር ከሰው፣ ከሥራውና ከሁኔታው ጋር ተዛምዶ የሚገኝ እንጂ በሁለት ቁጥሮች መካከል የተቀመጠ ነጥብ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ መቁጠርን መተው አይደለም። የሚቆጠርበትን አቅጣጫ መለወጥ ነው። ክብደት የሚቀንስ ሰው «ምን ያህል ባንስ እችላለሁ?» ከማለቱ በፊት «ለሥራዬ፣ ለጤናዬና ለአእምሮዬ የሚበቃው ቢያንስ ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ወለሉን ካነጠፈ በኋላ ከወለሉ በላይ ያለውን ትርፍ ይመረምር። በመጠለያው ውስጥ የሕፃኑን ነፍስ ያተረፈው የቁጥር አሠራር ይኸው ነበር።

ነገሩ በተግባርም ከባድ አይደለም። መምህርቷ በቀን 5 ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ትጠጣለች ቢባል፣ ስኳሩ 60 ግራም ያህል፣ ካሎሪውም 240 ይሆናል። ለድርሻዋ በወጡ ውስጥ ከሚገባው ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ ቢቀነስ ሌላ 240 ይወርዳል። በድምሩ 480 ካሎሪ ተቀነሰ ማለት ነው፤ ከእንጀራዋ ግን አንድ ጉርሻ አልተነካም፤ ምስሩም፣ ባቄላውም፣ አትክልቱም በቦታቸው አሉ። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ይህ ብቻ ሒሳቡ እንደታሰበው ከሄደ በ16 ቀን ገደማ 1 ኪሎ ሊያወርድ ይችላል። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ ወጪውንም ይቀንሳልና ፍጥነቱ እየለዘበ ይሄዳል፤ ይህም የሚጠበቅ እንጂ የሽንፈት ምልክት አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባጃጁን ትቶ በእግር መጓዝ ደግሞ ሌላ ድርሻ ይጨምራል። በአንጻሩ ነፍሰ ጡር፣ አጥቢና በማደግ ላይ ያለ ልጅ በዚህ ሒሳብ ሊገቡ አይገባም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል ከባለሙያ ሳይመካከር ምግብ መዝለል የለበትም።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ በዚህ ሥፍራ ከሐኪሙ ምክር ጋር ይገናኛል። ራስን ማስራብ ጽናት አይደለም፤ ሰውነትን እንደ ባላጋራ መመልከት ነው። በወሎ ምድር ደግሞ እናቶች የልጆቻቸውን ሰውነት ያተረፉት በእግራቸው እየተጓዙ፣ በሰልፍ እየቆሙ፣ የራሳቸውን ድርሻ እየሰጡ ነው። በዚያ ዋጋ የተገኘ ሰውነት ሊጠበቅ ይገባዋል። መጠበቅ ማለት እንዳይታመም ከትርፉ መቀነስ ነው፤ እንዳይደክም ደግሞ ከሚበቃው አለማጉደል ነው። ሁለቱ አንድ ግዴታ ናቸው።

ወደ ገበታው መመለስ ተገቢ ነው። በሌላ ምሽት መምህርቷ ከእናቷ ጋር ትቀመጣለች። ሻዩ ያለ ስኳር ቀርቧል፤ ወጡም ቅባቱ ሳሳ ያለ ነው። ድርሻዋን በልክ አውቃ፣ ሳትደበቅ፣ እስኪበቃት ትበላለች። እጇን ልትሰበስብ ስትል እናት ከገበታው ጥግ አንዲት ጉርሻ ትጠቀልላለች። መምህርቷ ስለዚህች ጉርሻ በስልኳ ላይ የምትጽፈው ነገር የለም፤ አፏን ትከፍታለች። እናትም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

በባቲ ገበያም ሻጭዋ ጣሳውን በትክክል ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ነው እፍኟን የምትጨምረው። ያልተሰፈረ እህል ምርቃት አይኖረውም።